ከሥር የወጣ ቀይ

በምዕራብ ቱርክ መንደሮች የተሠራ አሮጌ ምንጣፍ በእጅ ሲዳሰስ፣ ጥቁሩ ጥለት ብዙ ጊዜ ከሌላው ዝቅ ብሎ ጎድጉዶ ይገኛል። የበላው እግር ብቻ አይደለም። ጥቁሩ የሚገኘው የብረት ጨው ታኒን ካለው ተክል ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ብረቱም ዓመታት ባለፉ ቁጥር ሱፉን እያደረቀ ይሰባብረዋል። አጠገቡ ያለው ቀይ ግን ፀጉሩ እንደቆመ፣ ድምቀቱም እንዳለ ነው።

ይህ ቀይ ሩቢያ ከተባለ ተክል ሥር ይወጣል። ሥሩ ለቁፋሮ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ ደርቆ ይፈጫል። ሱፉ አስቀድሞ አሉም በሚባል ጨው ይዘፈዘፋል። በአሉሙ ውስጥ ያለው አልሙኒየም በአንድ እጁ ሱፉን፣ በሌላው አሊዛሪን የተባለውን የሥሩን ቀለም ጨብጦ ያስራቸዋል። ስለዚህ ቢታጠብም በቀላሉ አይለቅም። እሳቱ ግን ልክ ይፈልጋል፤ ድስቱ ከተንተከተከ ቡናማ ቀለሞች አብረው ወጥተው ቀዩን ያጠወልጉታል። ቴርሞሜትር ያልነበራቸው ሴቶች ይህን የተማሩት ከእናቶቻቸው ነው። ለእኔ ይህ የተሟላ ኬሚስትሪ ነው።

የሰማያዊው ነገር ደግሞ የበለጠ ይደንቃል። ሰማያዊውን የሚሰጠው ኢንዲጎ በውሃ አይሟሟም፤ አየር በተነፈገ የአልካሊ ውሃ ሲብላላ ግን ባሕርዩ ተለውጦ ይሟሟል። ክሩ ከጋኑ ሲወጣ ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲያገኘው ዓይናችን እያየ ሰማያዊ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪን ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ በ1868 ጀርመናውያኑ ግሬቤና ሊበርማን አሊዛሪንን ራሱን በቤተ ሙከራ ሠሩት። ርካሹ የፋብሪካ ቀለም መንደር ድረስ ዘለቀ። ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ በፀሐይ የሚነጡ፣ በውሃ የሚለቁ ነበሩ። በምንጣፎቹ ላይ የሚወጡት የበግ ቀንድና እጇን ወገቧ ላይ ያደረገች ሴት ምስሎች ከእናት ወደ ልጅ መተላለፋቸውን ሲቀጥሉ፣ የማቅለሙ ሙያ ግን በብዙ ቦታ ተረሳ።

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ መምህር ሃራልድ በመር ከአሮጌ ምንጣፎች ክር እየወሰደ ቀለሙ ከየትኛው ተክል እንደመጣ በምርመራ ለየ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1981 በምዕራብ ቱርክ በአይቫጂክ አካባቢ የተክል ቀለምን ለመመለስ ዶባግ የተባለው ፕሮጀክት ተጀመረ፤ የመንደሮቹ ሰዎችም የሩቢያን ሥር እንደገና ድስት ላይ ጣዱ።

ከተክል የወጣ ሁሉ ጽኑ ነው ማለት ግን አይደለም። አረንጓዴው የሚሠራው ቢጫና ኢንዲጎ ተደራርበው ነው፤ ብዙዎቹ የተክል ቢጫዎች ብርሃን አይችሉም። በአንዳንድ አሮጌ ምንጣፎች ላይ ቅጠሎቹ ሰማያዊ መስለው የሚታዩት ቢጫው ስለጠፋ ነው።