የግል ትምህርት ቤት ክፍያና የደመወዝተኛ ቤተ ሰብ ዐቅም

ነሐሴ በገባ ቍጥር በደመወዝተኛ ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት እናስገባው ወይስ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንላከው የሚል ነው። ጥያቄው የፍቅር ጥያቄ ብቻ መስሎ ስለሚታይ፣ ሒሳብ የሚያነሣ ሰው እንደ ንፉግ ይቈጠራል። እኛ ግን በዛሬው ንግግራችን ሒሳቡን ማስቀደም ራሱ ልጁን መውደድ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት የሚደርሰው ከመጀመሪያውኑ ወደ ግል ትምህርት ቤት ባልገባ ልጅ ላይ አይደለም። ገብቶ፣ ጓደኛ አፍርቶ፣ ከመምህሩ ጋር ተላምዶ ሳለ፣ በየካቲት ክፍያው ስላቃተ ከክፍሉ ተለይቶ በሚወጣው ልጅ ላይ ነው። ልጁ የገንዘብን ነገር አያውቅምና ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ስለዚህ መጥኖ መወሰን የሚገባው አስቀድሞ ነው።

በመጀመሪያ ቤተ ሰቡ የሚተዳደርበት ገንዘብ በቅጥር ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ሳይሆን እጅ የሚገባው መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እንውሰድ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ የሚቀጥለው 2,000 ብር ከመቶ 15፣ ከዚያ በላይ ያለው 3,000 ብር ከመቶ 20፣ ቀጥሎ ያለው 3,000 ብር ከመቶ 25፣ የቀረው 2,000 ብር ከመቶ 30 ይከፈልበታል። ድምሩ 2,250 ብር ነው። ለጡረታም ከመቶ 7፣ ማለት 840 ብር ይቈረጣል። እንግዲህ እጁ የሚገባው 8,910 ብር ነው። በ12,000 ብር የሚያቅድ ሰው በየወሩ የሌለውን 3,090 ብር እያወጣ ነው ማለት ነው። ባለቤቱም ሠራተኛ ከሆነች የእርስዋም እንደዚሁ ተሰልቶ ይደመራል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ገንዘብ ላይ ሊነኩ የማይችሉትን ወጪዎች መለየት ነው። የቤት ኪራይ፣ እህልና ዘይት፣ መብራትና ውሃ፣ ወደ ሥራ መሄጃ፣ ዕድር፣ በአገር ቤት ላሉ ወላጆች የሚላከው፣ ለሕክምና የሚቀመጠው በወረቀት ላይ ይስፈር። ዕቁብ ግን በትክክል ከተያዘ ወጪ ሳይሆን ቍጠባ ነው፤ ዕጣው በነሐሴ የሚደርስ ከሆነም ለመመዝገቢያ ይረዳል።

ሦስተኛው፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ የወጪው ሁሉ ልክ አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል ወርኃዊው ክፍያ 2,000 ብር ቢሆን በዐሥር ወር 20,000 ብር ይሆናል። መመዝገቢያው 2,500፣ የደንብ ልብስ፣ መጽሐፍና ደብተር 4,500፣ የሰርቪስ መኪና በወር 1,000 ሒሳብ 10,000 ብር ቢሆን፣ የዓመቱ ድምር 37,000 ብር ነው። ይህ ለዐሥራ ሁለት ወር ሲካፈል በወር 3,083 ብር ይደርሳል፤ ከላይ ከጠቀስነው የተጣራ ደመወዝ ከሲሶው ይበልጣል። አባትየው 2,000 ብር ብሎ የገባበት ነገር 3,083 ሆኖ ያገኘዋል። ከዚህም ሌላ የመመዝገቢያው ወራት እንቍጣጣሽና መስቀል የሚደርሱበት መሆኑን አይርሱ።

አራተኛው የዘመኑ ርዝመት ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት ቅድመ አንደኛ 2 ዓመት፣ አንደኛ ደረጃ 6፣ መካከለኛ 2፣ ሁለተኛ ደረጃ 4 ዓመት ነው፤ በጠቅላላው 14 ዓመት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ክፍያው ይጨምራል፤ ሁለተኛ ልጅም ይደርሳል። የሁለት ልጆች ወጪ በዛሬው ምሳሌያችን 6,166 ብር ነው። ያን ጊዜ ወንዱን በግል ትምህርት ቤት አስቀርቶ እኅቱን ማስወጣት፣ ወይም ታላቁን አስተምሮ ታናሹን መተው፣ በአንድ ማዕድ ላይ ቅሬታን መዝራት ነው። ስለዚህ ለአንዱ ልጅ ከመወሰንዎ በፊት ለሁሉም ያስሉ።

አምስተኛው፣ በገንዘቡ የሚገዛው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለግልም ለመንግሥትም ተማሪ አንድ ነው፤ ፈታኙ ወላጁ ስንት እንደ ከፈለ አይጠይቅም። እንግዲህ የሕንፃውን ውበት ትተው በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ፣ መምህራኑ በየዓመቱ ይለዋወጡ እንደ ሆነ፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ውጤት እንዴት እንደ ሆነ ይጠይቁ። በአቅራቢያዎ ስላለው የመንግሥት ትምህርት ቤትም ይህንኑ ይጠይቁ። በአዲስ አበባ ለምሳሌ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ሕፃናት ምገባ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ማቅረብ ጀምሯል። ከክፍያ የተረፈው ገንዘብ ለመጻሕፍትና ለአስጠኚ ቢውል ልጁ ተበደለ አይባልም።

አሁንም እወስናለሁ ካሉ አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ድረስ፣ ልጁ ገና ሳይገባ፣ በየወሩ 3,083 ብር በባንክ ያስቀምጡ። በእነዚህ አራት ወራት ሳይበደሩ፣ የቤት ኪራይ ሳያሳድሩ፣ ከልጆቹም ምግብ ሳይቀንሱ ከዘለቁ፣ ዐቅሙ አለዎት፤ የተጠራቀመው 12,332 ብርም ለመመዝገቢያው፣ ለደንብ ልብሱና ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል። በሁለተኛው ወር እጅዎን ወደ ገንዘቡ ከሰደዱ ግን መልሱን ያለ አንዳች ውርደት አግኝተዋል ማለት ነው። በብድር የተጀመረ የትምህርት ክፍያ በብድር ይቀጥላልና እርሱን ፈጽሞ ይሽሹ።

ባልና ሚስት ይህን ሒሳብ በአንድነት ተቀምጠው ይሥሩት። ጎረቤት ልጁን ወዴት እንደ ላከ መመልከት ሳይሆን፣ ለ14 ዓመት ሳያቋርጡ ሊጓዙበት የሚችሉትን መንገድ መምረጥ ነው ቁም ነገሩ። ልጅ የሚያድገው በትምህርት ቤቱ ስም ሳይሆን፣ ማታ ደብተሩን የሚያይለት ወላጅና በዕዳ ያልታወከ ቤት ሲኖረው ነው።