የዶሮ ቤቱ የት ይሁን?

በዓል በመጣ ቁጥር የእንቁላል ዋጋ ሲሰቀል «ለምን ጥቂት ዶሮዎች አናረባም?» የሚል ሐሳብ የማይነሳበት ቤት ጥቂት ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ በከተማ ግቢ ውስጥ የዶሮ ቤት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እርስዎም ቦቫንስ ይሻላል ወይስ ሳሶ፣ ጣውላ ይሻላል ወይስ ብረት እያሉ ዋጋ ማጠያየቅ ጀምረው ይሆናል። አናጺውን ከመጥራትዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ያስቀድሙ፦ ቤቱ የት ይቀመጣል?

ማርኬቲንግ የተማርን ሰዎች ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታ እና ማስተዋወቅ የሚሉትን አራት ነገሮች አንረሳቸውም። ከአራቱ ለማስተካከል በጣም የሚያስቸግረው ቦታ ነው። ዋጋ በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ተሠርቶ ያለቀ ቤት ግን በቀላሉ አይነሳም። ለዶሮ ቤትም ነገሩ ያው ነው።

ያ የተለመደው ጥግ

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ያለውን፣ ከአጥር ጋር የተጣበቀውን ጥግ ነው። ከእንግዳ ዓይን ይሰወራላ! ነገር ግን ያ ጥግ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ አያገኝም፤ የጣሪያ ውሃም የሚወርደው ወደዚያው ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ደግሞ የጎረቤት መኝታ ቤት ሊሆን ይችላል።

አምስት ዶሮዎች በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ኩስ ይጥላሉ። ኩሱ ከደረቀ ሽታው እምብዛም አያስቸግርም፤ ለአትክልትዎም ማዳበሪያ ይሆናል። ከረጠበ ግን አሞኒያ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ይህም የሰውን አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ የዶሮዎቹን ሳንባ ይጎዳል፣ ዝንብም ይጠራል። ስለዚህ ቦታ ሲመርጡ «ይሰወራል ወይ?» ከማለትዎ በፊት «በክረምት ደረቅ ሆኖ ይቆያል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ከፍ ያለና ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡ። ወለሉን ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ፣ የጣሪያውንም ጠርዝ ማስረዘም ይረዳል።

ፀሐይና ነፋስ

እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከባድ ነው። የቤቱ ፊት ወደ ምሥራቅ ቢዞር የጠዋት ፀሐይ ይገባል፤ ዶሮዎቹን ያሞቃል፣ ጉዝጓዙንም ያደርቃል። የሚኖሩት አዳማ ወይም ድሬዳዋ ከሆነ ግን ዋናው ጠላት ሙቀት ስለሆነ ዛፍ ጥላ የሚጥልበትን ቦታ ያስቀድሙ።

የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ጠዋትና ማታ ከሰል ሲያቀጣጥሉ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ልብ ይበሉ። ጭሱ ወደ ሳሎንዎ ወይም ወደ ጎረቤት መስኮት የሚሄድ ከሆነ ሽታውም መንገዱ ያው ነው።

ጎረቤትና ልጆች

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ስለዚህ ግንባታው ሳይጀመር አጥር የሚጋሯቸውን ሰዎች ያማክሩ። ዶሮዎች እንቁላል ለመጣል አውራ ዶሮ አያስፈልጋቸውም። ጫጩት የመፈልፈል ሐሳብ ከሌለዎት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ አውራ ዶሮ ባያስገቡ ይመረጣል።

በቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ካሉ ጥንቃቄው ይበልጣል። ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ ቤቱን ልጆች ከሚጫወቱበት፣ ከማዕድ ቤት በር፣ ከልብስ ማስጫና ከውሃ ታንከር ያርቁት። መንገዱ ላይ የእጅ መታጠቢያና ሳሙና ቢኖር ልጆች እንቁላል ለቅመው ሲመለሱ መታጠብን ይለምዳሉ። የሴፕቲክ ታንክ ክዳን ላይም አይሥሩ፤ የፍሳሽ መኪና የሚመጣበት ቀን አይቀርም።

ከዓይን አይራቅ

ማራቅ ሲባል ግን መርሳት ማለት አይደለም። በየቀኑ የማያልፉበት ቦታ በየቀኑ አይጸዳም። ኩርምት ብላ የተቀመጠች ዶሮ በጊዜ ካልታየች እንደ ፈንግል ያለ በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ መንጋውን ሊጨርስ ይችላል። ሸለምጥማጥና አይጥም የሚወዱት ጨለማና ጭር ያለ ቦታ ነው። በመስኮት የሚታይ፣ የግቢው መብራት የሚደርስበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል፤ ሽቦውም ቀዳዳው ጠባብና ጠንካራ ይሁን።

በገመድ ይሞክሩት

በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከአራት ዶሮ በላይ ባይሆን መልካም ነው፤ ውጭ መንቀሳቀሻም ያስፈልጋቸዋል። ያሰቡትን ቦታ በችካልና በገመድ ከልለው አንድ ሳምንት ይመልከቱት። ፀሐይ መቼ ይደርሰዋል? ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት በኩል ይወርዳል? ልጆቹስ ሲሯሯጡ በዚያ ያልፋሉ?

ከሳምንት በኋላ መልሱ «ግቢያችን አይበቃም» ከሆነም ይቀበሉት። በጠበበ ግቢ ወይም በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ዶሮ አስጨንቆ ከጎረቤት ከመቀያየም እንቁላሉን ገዝቶ መብላት ይሻላል። ደረቅ፣ ፀሐይ የሚያገኝና ከዓይንዎ የማይርቅ ቦታ ካገኙ ግን አናጺውን ይጥሩ፤ የቀረውን እሱ ያውቅበታል።