እህትሽ ኬሞ ስትወስድ ከሩቅ ምን ታደርጊላታለሽ?

እህቴ፣ አገር ቤት ያለችው እህትሽ የጡት ካንሰር ሕክምና ጀምራ ከሆነ “ብር ከመላክ በቀር ምን አቅም አለኝ?” ትዪ ይሆናል። አለሽ።

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ጠባይ እወቂ። ኬሞ ብዙ ጊዜ በየ3 ሳምንቱ ይሰጣል። ካንሰሩን ሲመታ ጤነኛውንም አካል ይነካል፤ ፀጉር የሚረግፈው፣ አፍ የሚቆስለው ለዚህ ነው። ፀጉሩ በኋላ ይበቅላል። የሚያሰጋው ሌላ ነው። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል በጣም ያንሳል። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ “እስኪነጋ ልጠብቅ” አይባልም። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሄዳ “ኬሞ ላይ ነኝ” ትበል።

ስለዚህ የወሰደችበትን ቀን ጽፈሽ ያዢ። ከምትልኪው ላይ የትኩሳት መለኪያ ትግዛ፤ የሌሊት ታክሲ ብርም ለብቻ ይቀመጥ። ማዳም ስልክ የምትሰጥሽ ማታ ብቻ ቢሆንም፣ በእነዚያ ቀናት “ትኩሳትሽን ለካሽ? እህል ቀመስሽ?” ብለሽ ቮይስ ላኪላት። ጾም ከሆነ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ሕመምተኛ አይገደድም። ስታለቅስ “አይዞሽ” ብለሽ ቶሎ አትዝጊባት፤ አድምጫት።

ለውይይት፦ በዚህ ሳምንት የምትደውዪላት ማን ናት? ስንተኛ ቀኗ ነው?