ብርዱ አለ፤ ፓውዛው የታለ?

ነገሩ የሆነው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጋናን «በሜዳቸው» አስተናገዱ። ሜዳቸው የተባለው ግን አዲስ አበባም ባህር ዳርም አልነበረም። ጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ ውስጥ የሚገኘው ኦርላንዶ ስታዲየም ነው። አንድሬ አየው በቅጣት ምት ጋናን መሪ አደረገ፣ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገ፣ 1ለ1 ተለያዩ። ባለሜዳው ቡድን ጨዋታው እንዳለቀ እንደ እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ወጣ።

አምስት ቀን ቆይቶ ደግሞ በሌላኛው የዓለም ጫፍ ካናዳ ሜክሲኮን ጠበቀች። ካናዳ ጣሪያ ያለው የቫንኩቨር ስታዲየም ነበራት፣ ቶሮንቶም ነበረችላት። እሷ ግን ሁለቱንም ትታ በኅዳር ወር በበረዶ የምትሸፈነውን ኤድመንተንን መረጠች። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ነበር። ከ44 ሺህ በላይ ሕዝብ ካፖርቱን ደራርቦ ገባ። ሳይል ላሪን ሁለቴ አገባ፣ ሜክሲኮ በመጨረሻው ደቂቃ አንድ መለሰች፣ 2ለ1 አለቀ። ሳም አዴኩግቤ ደስታውን የገለጸው ከሜዳው ዳር ተቆልሎ በነበረ በረዶ ላይ እየዘለለ በመውደቅ ነው። ካናዳም ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ገባች።

አሜሪካም ብትሆን ከዚህ አልተለየችም። በየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) ሆንዱራስን የጠራችው ወደ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነበር። ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ 3ለ0 አሸነፈቻት። ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ሁለት የሆንዱራስ ተጫዋቾች ብርዱን አልቻሉትምና ከእረፍት በኋላ አልተመለሱም። ይኼ ጨዋነት ነው ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። ሕጉ ግን አይከለክልም። ባለሜዳ ማለት እኮ ሜዳውን የሚመርጥ ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ የምንመርጠው ሜዳ አጣን እንጂ የምንመርጠው አየር አላጣንም። ከደጋ እስከ ቆላ የፈለግነው አለ። የድሮ ቡድኖቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ይድነቃቸው ተሰማ ያሰለጠኑት፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በአምበልነት የመራው ቡድን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4ለ2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው በአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2ለ0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነውም እዚያው ነው። ኦምዱርማን ላይ 5ለ3 ተሸንፎ የመጣው የሰውነት ቢሻው ቡድን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች ታሪኩን ገለበጠው። በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ መጥታ 2ለ1 ተሸንፋ ተመለሰች።

ከፍታ ግን ጠንቋይ አይደለም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ እዚያው ስታዲየም ገብታ፣ በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞ ቢያገባባትም፣ ኢማኑኤል ኢመኒኬ ባስቆጠራቸው ሁለት ጎሎች 2ለ1 አሸንፋ ወጣች። ሁለተኛው ጎል የገባው በመጨረሻው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት ነበር። ያን ቀን የደከመው እንግዳው ነው ብሎ የሚምል ሰው አይገኝም።

ታዲያ ባህር ዳር በካፍ ታግዶ፣ አዲስ አበባም ተዘግቶ ከነበረ፣ ለምን ወልቂጤ አይሆንም? ለምን ቡታጅራ አይሆንም? የጉራጌ ኳስ ወዳድ ይህን ቢጠይቅ ማንም ሊስቅበት አይገባም። ሁለቱም ከተሞች ለቦሌ ቅርብ ናቸው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ በሰበታና በወሊሶ በኩል 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡታጅራ በዓለም ገና፣ በመልካ ቁንጡሬና በጢያ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ለረጅም ጊዜ በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ነበሩ። ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። ኳስ ግን ዞን አያውቅም፤ ሁለቱም ከተሞች ክለብ አላቸው፣ ሁለቱም ደጋፊ አላቸው።

ብርዱን በተመለከተ ግን መጀመሪያ እውነቱን መነጋገር ይሻላል። ወልቂጤ ከባህር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ባህር ዳር 1,800 ናት። አንድ መቶ ሜትር ልዩነት ማንንም አያንቀጠቅጥም። ከጉመር ተራራ የወረደ ሰው ወልቂጤ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ነው የሚይዘው፤ ለእሱ ወልቂጤ ቆላ ናት። ቡታጅራ ትሻላለች፣ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከበላይዋም 3,700 ሜትር ገደማ የሚደርሰው የዘቢዳር ተራራ አለ፤ ከዚያ የሚወርደው የምሽት አየር ቀልድ አያውቅም። ሆኖም ቡታጅራም ብትሆን ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች ናት። ቡታጅራ ላይ ሊጫወት የመጣ ቡድን አዲስ አበባ አድሮ ቢወርድ ከፍታው እየቀነሰለት ነው የሚሄደው!

ቁጥሩ ምን ይላል? ማክሻሪ የተባለ ተመራማሪ በ2007 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት በደቡብ አሜሪካ የተደረጉ 1,460 የአገሮች ግጥሚያዎችን አገላብጧል። በሁለቱ ቡድኖች አገር መካከል በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር የከፍታ ልዩነት የባለሜዳው የጎል ብልጫ በግማሽ ጎል ገደማ ይጨምራል ነው ያለው። በዚህ ስሌት ከባህር ዳርቻ የተነሳ ቡድን ቡታጅራ ሲደርስ አንድ ጎል ገደማ ተቆጥሮበት ጀመረ ማለት ነው። እርግጥ ጥናቱ የተሠራው 3,600 ሜትር ላይ ያለችውን ላ ፓዝን በመሰሉ ከተሞች ነው፣ ለእኛ ወይና ደጋ እንዳለ መገልበጥ አያስኬድም። ቦሊቪያ ግን ትምህርቱ ገብቷታል። አርጀንቲናን በማራዶና አሰልጣኝነት ዘመን በ2009 (እ.ኤ.አ.) 6ለ1 ያሸነፈችበት ላ ፓዝ አነሰኝ ብላ በ2024 ወደ ኤል አልቶ፣ 4,150 ሜትር ገደማ ወጣች። በመስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) ብራዚል ሳትቀር እዚያ 1ለ0 ተሸንፋ ወርዳለች። ፊፋ በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ኢንተርናሽናል ግጥሚያ አይደረግም ብሎ ነበር። ጩኸቱ ሲበዛ ወሰኑን ወደ 3,000 ከፍ አደረገው፣ በ2008 ደግሞ ጭራሽ አነሳው። ስለዚህ ወልቂጤንም ቡታጅራንም በከፍታቸው የሚከለክላቸው የለም።

የሚከለክላቸው ሌላ ነው። አንደኛው ሰዓት ነው።

የእኛ አገር ብርድ እንደ ኤድመንተን ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ብርድ አይደለም። በኅዳር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወልቂጤ ውስጥ ፀሐይ ናት፤ ተመልካቹ ጋዜጣ ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ነው ኳስ የሚያየው። ብርዱ የሚመጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጃኬት ይፈለጋል። እንግዳውን ቡድን ሊያስጨንቀው የሚችለው ያ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ለመጫወት ደግሞ ፓውዛ ያስፈልጋል። ፓውዛ የሌለው ስታዲየም ብርዱን ለእንግዳ ማቅመስ አይችልም፤ ብርዱ ሲገባ ተጫዋቹ ወጥቷል። ከፍታው ቀንም ማታም አለ፣ ብርዱ ግን የመብራት ጉዳይ ነው።

ወሩም ራሱን የቻለ ነገር አለው። የማጣሪያ ግጥሚያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚውሉት መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ መጋቢትና ሰኔ ላይ ነው። መጋቢት ላይ ብርድ ፍለጋ ወልቂጤ መውረድ ልፋት ብቻ ነው። ሰኔና መስከረም አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ግን ዝናብ አለ፤ ውኃ የማይወርድበት ሜዳ ላይ ጭቃው እንግዳና ባለሜዳ አይለይም። የሚቀረው ኅዳር ነው። በዓመት ለአንድ መስኮት ብርድ ብሎ ስታዲየም አይመረጥም፤ መጀመሪያ ሜዳው መስተካከል አለበት።

ሁለተኛው ካፍ ነው። የካፍ ተቆጣጣሪዎች ቴርሞሜትር ይዘው አይመጡም። የሚያዩት ሣሩን፣ መልበሻ ክፍሉን፣ ፓውዛውን፣ የተመልካቹን ወንበር፣ የዳኞችና የጋዜጠኞች ክፍል፣ ሆቴልና ሆስፒታሉን ነው። ባህር ዳርን ያህል ስታዲየም፣ ኮትዲቯርን ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. 2ለ1፣ ማዳጋስካርን መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. 4ለ0 ያሸነፍንበት ስታዲየም፣ በዚህ መስፈርት ወድቋል። በወልቂጤና በቡታጅራ ያሉት ሜዳዎች ደግሞ የተሠሩት ለክለብ ግጥሚያ እንጂ ለዚህ ፈተና አይደለም። ይህን ማለት ከተሞቹን መናቅ አይደለም። ለ62 ሺህ ተመልካች ታስቦ የተጀመረው የአዲስ አበባው አደይ አበባ ስታዲየም እንኳ ግንባታው ስንት ዓመት እንደፈጀ የሚያውቅ ሰው የዞን ከተማን አይወቅስም።

ሦስተኛው ብዙ የማይወራለት ነው። ከፍታና ብርድ የሚጠቅመው የለመደውን ነው። የእኛ ተጫዋቾች ለምደውታል ወይ? ፕሪምየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦችን በአንድ ከተማ እየሰበሰበ ሲካሄድ በብዛት የተስተናገደው ድሬዳዋ፣ አዳማና ሐዋሳን በመሳሰሉ ከተሞች ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሙቀቷንም የቀመሰ ያውቀዋል። ወራቱን እዚያ ሲሮጥ የከረመ ልጅ በማግስቱ ቡታጅራ ማታ ቢሰለፍ ከእንግዳው ጋር እኩል ነው የሚያለከልከው። ቢያንስ አስር ቀን እዚያው ካምፕ ካልገባ የመረጥነው ብርድ በራሳችን ላይ ነው የሚዞረው።

ወልቂጤ ከተማን ያየ ደግሞ ይህን ሁሉ በደንብ ይረዳል። «ሠራተኞቹ» በፕሪምየር ሊጉ መጫወት የጀመሩት በ2012 ዓ.ም. ነበር። ከተማው ትልልቆቹን ክለቦች በደጁ ሊጠግብ ነው ሲባል ኮቪድ መጣና ውድድሩ ሳያልቅ ተሰረዘ። በቀጣዩ ዓመት ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ፣ ግጥሚያዎቹ ወደ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወልቂጤ «ባለሜዳ» የተባለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። ደጋፊው ቡድኑን በቴሌቪዥን አየ፣ ወይም ተሳፍሮ ተከተለ። ዋሊያዎቹ ከሊሎንግዌ እስከ ማፑቶ፣ ከሞሮኮ እስከ ዳሬሰላምና ኪንሻሳ የዞሩበትን ታሪክ የወልቂጤ ሰው በክለቡ ቀድሞ ኖሮታል። ሕዝብ በሌለበት «ባለሜዳ» መባል ምን እንደሚመስል እሱን የሚያስተምረው የለም።

የሚገርመው ግን እስከ ዛሬ በስደት ካገኘናቸው ድሎች ትልቁ የመጣው ከብርድ ጋር ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የውበቱ አባተ ቡድን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ በሚገኘው የቢንጉ ስታዲየም ያለ ሞሐመድ ሳላህ የመጣችውን ግብጽን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2ለ0 አሸነፈ። ሰኔ እዚያ የብርድ ወር ነው፣ ከተማዋም 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ብርዱ አሸነፈልን ማለት ግን የልጆቹን ላብ መካድ ነው፤ በጣም ጥሩ ተጫውተዋል። መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ያቺው ግብጽ፣ አሁን ከሳላህ ጋር፣ ሞሮኮ ውስጥ «በሜዳችን» 2ለ0 አሸንፋናለች።

እንግዲህ ከሁለቱ ከተሞች አንዱን ምረጡ ቢባል በከፍታውና በመንገዱ ቡታጅራ ትቀድማለች፣ በደጋፊው ወልቂጤ። ሁለቱም ጋ ግን ብርድ ከመለካቱ በፊት አራት የፓውዛ ምሰሶ መቆም፣ ውኃ የሚያወርድ ሜዳና ደህና መልበሻ ክፍል መሠራት አለበት። ይህ ለዋሊያዎቹ ባይደርስ እንኳ ለወልቂጤ ከተማና ለቡታጅራ ከተማ ይደርሳል። አንድ ቀን በኅዳር ማታ ከዳካር ወይም ከአሌክሳንድሪያ የመጣ ቡድን ቡታጅራ ላይ ሲያሟሙቅ፣ ከዘቢዳር የሚወርደው ነፋስ ፓውዛው ሥር ሲያገኘው፣ ያኔ ስለ ብርዱ እናወራለን።