ባትሪው ሳያልቅ ስልክ አይሰካም?

«ባትሪው ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ ስልክ ቻርጅ አይደረግም» የሚለው ምክር በቴሌግራም ግሩፖች ዛሬም ይዘዋወራል። ምክሩ መነሻ አለው። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ የነበራቸው የቀድሞ ስልኮች ሳያልቁ ደጋግመው ሲሞሉ አቅማቸው ይቀንስ ነበር። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪ ግን ይህ ጠባይ የለውም፤ የዛሬ ስማርትፎኖችም የሚሠሩት በዚሁ ዓይነት ነው።

እንዲያውም ይህን ባትሪ ደጋግሞ እስከ ዜሮ ማውረድ ያደክመዋል። ባዶውን ለወራት ከተቀመጠም ከናካቴው አልሞላም ሊል ይችላል። ከ50 እስከ 100 ሁለት ጊዜ መሙላት የሚቆጠረው እንደ አንድ ሙሉ ዙር ስለሆነ በየመሃሉ መሰካት ዕድሜውን አያሳጥርም። ለምክሩ የምትቀረው እውነት አንዲት ናት፦ 30 ከመቶ እያሳየ ድንገት የሚጠፋ ስልክ አንዴ ባትሪውን ጨርሶ ቢሞላ ቆጣሪው ሊስተካከል ይችላል። ባትሪው ግን አይታደስም።

ጉዳቱ ከባትሪው ያልፋል። በሄሎካሽ ወይም በቴሌብር የሚገበያይ የሽንሌ ነጋዴ 20 ከመቶ ላይ መሰካት ሲችል «ይለቅ» ብሎ ሲጠብቅ መብራት ከሄደ ክፍያውም አብሮ ይቆማል።

ባትሪን ይበልጥ የሚገድለው ሙቀት ነው። አፕል ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ አየር እንዲሠሩ ይመክራል። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ቆላ ላይ ባለችው ሽንሌ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ይህ ልክ በቀላሉ ይታለፋል፤ በባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ የሚመታው ስልክማ ከዚያም ይግላል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ጅግጅጋ ግን ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ነፋሻ ከተማ ናት። እዚያ ያለ ሰው «ሁልጊዜ አጥፍቼ ነው የምሞላው፣ ሦስት ዓመት ሠራልኝ» ብሎ ሲጽፍ ስልኩን ያቆየው ልማዱ ይሁን አየሩ በምን ይታወቃል? የየት አገርና የምን ስልክ ልምድ መሆኑን ሳይናገሩ ለሺህ ሰው ምክር መበተን ቸልተኝነት ነው።

አዲስ ስልክ መጀመሪያ ለ8 ሰዓት ይሰካ የሚባለውም የኒኬል ዘመን ቅሪት ነው፤ ስልኩ ሲሞላ ራሱ ያቆማል። የጋለ ስልክ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ውስጡ ጤዛ ያስቋጥርበታል፤ ከቨሩን አውልቆ ጥላ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት ፓወርባንክ የ5,000ን ስልክ አራት ጊዜ ይሞላል ማለትም አያስኬድም። የተጻፈው የውስጥ ሴሎቹ አቅም ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል፣ ስልኩ ውስጥ ደግሞ መልሶ ሲወርድ ኃይሉ በሙቀት መልክ ይባክናል። ሦስት ጊዜ ከሞላ ጥሩ ፓወርባንክ ነው።