ስለ አይሮፕላን ነጂዎች የሹመት ተራ

ሹመት በተራ ሲሰጥ አድልዎ ይርቃል፤ ነገር ግን ተራ ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። በአሜሪካ ትንንሾቹን ከተሞች ከትልልቆቹ ጋራ በሚያገናኙት አየር መንገዶች የነጂዎች ቅድምና የሚቈጠረው ከተቀጠሩበት ቀን ዠምሮ ነው። ወደ ካፒቴንነት ለመውጣትም ሆነ የሥራና የዕረፍት ቀን ለመምረጥ ቀድሞ የተቀጠረው ይቀድማል። ስለዚህ አለቃ ወዳጁን ከፍ፥ ያልወደደውን ዝቅ ለማድረግ በር አያገኝም።

ዳሩ ግን ተራው የደረሰው ሁሉ ይሾማል ማለት አይደለም፤ ፈተናውን ያላለፈ ካፒቴን አይሆንም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. በቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ አይሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ካለቁ በኋላ ሕጉ ጠበቀ፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ለረዳት ነጂ እንኳ በመደበኛው ደንብ 1,500 ሰዓት መብረር ግዴታ ነው። ዳዊት ያልደገመ ቅኔ ቤት እንደማይገባ መሆኑ ነው።

የሥርዓቱ ጒድለት ሌላ ነው፤ ቅድምናው ከድርጅቱ ጋራ የታሰረ ነው። በ2020 ዓ.ም. ትራንስ ስቴትስና ኮምፓስ የተባሉት አየር መንገዶች ሲዘጉ፥ የብዙ ዘመን ካፒቴን እንኳ ወደ ሌላ ድርጅት ቢገባ ከተራው መጨረሻ ይቆማል።

እንግዲህ ተራ ይጠበቅ፤ ፈተናም አይጓደል፤ በቅንነት ያገለገለ ሰው ድካም ግን ከድርጅቱ ጋራ ሊቀበር አይገባም።