«አትግዛ» ሊል የሚችል ሰው

መካኒሳ አቦ ላይ የቤት ገበያ የሚቆመው ቡና ቤት ውስጥ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ጠዋት ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሦስት አራት ደላሎች ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «ካርታ ያለው፣ ጂ ፕላስ ዋን፣ ዋጋው ድርድር አለው» ሲሉ ይሰማል። ገዢ ከነባለቤቱ ይመጣል። እሱ ግቢውንና አጥሩን ያያል፣ እሷ ወጥ ቤቱን ታያለች፣ ቤቱም ይወደዳል። ያኔ ደላላው ወንበሩን ጠጋ ያደርግና «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ሊያየው ቀጥሯል፤ ዛሬ ቀብድ ቢያስይዙ ይሻላል» ይላል። የጠበቃ ሥራ ማለቅ የነበረበት ከዚህ ንግግር በፊት ነው። እኛ ግን ጠበቃ የምናስታውሰው ክስ ሲመጣ ነው።

ደላላውን መውቀሴ አይደለም። ደላላ የሚበላው ሽያጩ ሲሳካ ነው፤ ክፍያው ከዋጋው በመቶኛ የሚታሰብለት ሰው «ይህን ቤት ተዉት» እንዲል መጠበቅ የዋህነት ነው። ጉዳይ አስፈጻሚውም ፋይል ከቢሮ ቢሮ በማዟዟር ነው የሚኖረው። ውልና ማስረጃ የተቀመጠው ባለሙያ ደግሞ የማንም ወገን አይደለም፤ መታወቂያውን፣ የመዋዋል ችሎታውን፣ የባለቤትነት ማስረጃውንና እገዳ መኖር አለመኖሩን አይቶ ይመዘግባል። ዋጋው ተወዶብዎት እንደሆነ ወይም የውሉ አምስተኛ አንቀጽ ሻጩን ብቻ የሚጠቅም እንደሆነ ሊነግርዎት ግዴታ የለበትም። ሽያጩ ቢቀርም ባይቀርም ክፍያውን የሚያገኝ፣ ስለዚህም «አትግዛ» ቢል የማይጎዳው አንድ ሰው ቢኖር ገዢው ራሱ የቀጠረው ጠበቃ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ቦታ በየራሱ መንገድ ሞልቶታል። እንግሊዝ ውስጥ የንብረት ማስተላለፊያ ሰነድ በክፍያ የማዘጋጀት ሥራ ከ1804 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕግ ባለሙያዎች ተከልሎ ኖሮ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ለዚሁ ሥራ ብቻ ፈቃድ የሚያወጡ ባለሙያዎች ተጨመሩ። ፈረንሳይ ውስጥ ኖቴር የሚባለው ሹም ሰነዱን ያጣራል፣ ሁለቱንም ወገን ያማክራል፣ ያዋውላል። የእኛን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበርና አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ሲያዝ የአገሩን ሰው አስቦ ይመስለኛል። ሕጉ መጣ፤ የሚያማክረው ኖቴር ግን አብሮት አልመጣም። የመጣልን መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ነው፤ አሁን በአዋጅ ቁጥር 922/2008 የሚመራው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ውልና ማስረጃ የሚለው።

ምዝገባውን እንደ ቀላል ፎርማሊቲ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በዚህ መልክ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ወስኗል። በኋላ በመጡ ሌሎች መዝገቦች ሻጩ መሸጡን ካልካደ ነገሩ ለዘብ ይላል። ግን ካደ አልካደም በሚል ላይ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን የሚያስይዝ ማን ነው? ቡና ቤት ተጽፎ ሁለት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ይዛችሁ እንቅልፍ አይውሰዳችሁ።

ቀብድም የራሱ ሕግ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊተው ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ሊተው ይችላል። ዋጋ በየወሩ በሚወጣበት ሰፈር ሻጩ እጥፉን መልሶ ለሌላ ቢሸጥ የሚያተርፍበት ጊዜ አለ። ጠበቃ ይህን ስለሚያውቅ ወይ ቀብድ አታስይዙ ይላል፣ ወይ የቀብዱን ውል ራሱ ይጽፈዋል።

ወደ ምርመራው እንግባ። ካርታ ቤቱ አይደለም፣ ወረቀት ነው፤ እውነተኛው ታሪክ ያለው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ማኅደር ውስጥ ነው። ማኅደሩ ለመንገደኛ አይከፈትም። ስለዚህ ጠበቃው ሻጩን ይዞ ወይም በሻጩ ማመልከቻ በኩል ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ ስፋቱንና ወሰኑን፣ ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እገዳ ነፃ መሆኑን ያጣራል። ካርታው «ምትክ» ከሆነ የመጀመሪያው የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «ጠፋ» ብቻ ከሆነ አይረካም፤ ካርታ የሚጠፋው በመንገድ ብቻ ሳይሆን በአበዳሪ እጅ ውስጥም ነውና። ቤቱ የውርስ ከሆነ ደግሞ ወራሾቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ የሚጎድለው ሁልጊዜ ውጭ አገር ያለው ነው።

እኔ ከሁሉ የምፈራው የትዳሩን ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ካርታው ላይ የአባወራው ስም ብቻ መስፈሩ ቤቱን የእሱ ብቻ አያደርገውም፤ በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ያልፈረመችው ሚስት ሽያጩን ባወቀች በስድስት ወር፣ ባታውቅም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስላት ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። ውልና ማስረጃ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ይቀበላል። ያ ማስረጃ የሚናገረው ግን መዝገብ ላይ ስላለው ነው፤ በሽማግሌ የተጋባ፣ ሦስት ልጅ የወለደ ሰው መዝገቡ ላይ ላይኖር ይችላል። ሕጉ ደግሞ በባህል የተፈጸመውንም ጋብቻ ጋብቻ ይለዋል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፣ ከየትኛውም አንቀጽ ያልተወሰደ፦ የሰፈሩን ዕድር ጠይቁ። መካኒሳ አቦ ላይ ማን የማን ባለቤት እንደሆነች ከዕድር ጸሐፊ የተሻለ የሚያውቅ መዝገብ ቤት የለም። ጎበዝ ጠበቃ ይህን ያደርገዋል፤ የቢሮ ጠበቃ ይንቀዋል።

ውክልናም እንዲሁ ነው። ባለቤቱ አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር፣ የሚሸጠው ወንድሙ ወይም የአክስቱ ልጅ። ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያውለዋልና «ለመሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት። የሚረሳው ሌላው ነገር ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ አብሮት መሞቱ ነው። ወረቀቱ ግን አይሞትም፤ ማኅተሙ እንዳማረ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ጠበቃው ውክልናው ያልተሻረ መሆኑን ካጣራ በኋላ ባለቤቱን በቪዲዮ ስልክ ማየት ይፈልጋል። ሻጩ በዚህ ከተቀየመ መቀየሙ ራሱ መልስ ነው።

መሬቱን እንደማትገዙም አስታውሱ። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ የሚሸጠው በላዩ ያረፈው ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ አድርጓል። «ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» የሚለው የደላላ ምስጋና እንግዲህ ለሻጩ እንጂ ለእናንተ አይሠራም። ለመሸጥ የሚፈቀድበት አምስት ዓመት ያልሞላው ኮንዶሚኒየም በውክልና ሲሸጥላችሁም ጠበቃችሁ ፊቱን ቢያጠቁር አይግረማችሁ።

ዋጋ ላይ ብዙዎቻችን ራሳችንን እናታልላለን። ታክሱ እንዲቀንስ ብለን ውሉ ላይ ግማሹን እንጽፍና ቀሪውን በእጅ እንከፍላለን። ውሉ በፈረሰ ቀን ተመላሽ የሚሆነው የተጻፈው ነው፤ የቀረውን መክፈላችንን የሚያስረዳልን የለም። መንግሥትም ቢሆን በራሱ ግምት ነው የሚያስከፍለው፤ ስለዚህ ትርፉ ያን ያህል አይደለም። እውነተኛውን ዋጋ ከጠበቃ መደበቅ ሕመምን ከሐኪም እንደ መደበቅ ነው። የቴምብር ቀረጡን፣ የስም ማዛወሪያውንና ሻጩ በትርፉ ላይ የሚከፍለውን ግብር ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ ይስፈር። ገንዘቡ በሲ.ፒ.ኦ. ይሁን፤ ከፊሉም ስሙ እስኪዛወር ይያዝ።

ጠበቃ እንዴት ይመረጣል? ፈቃዱን ከማየት ይጀመራል፤ የፌዴራል ጥብቅና በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራ ሥራ ነው፣ ፈቃድ የሌለው ራፖር ጸሐፊ ምንም ቢያውቅ ጠበቃ አይደለም። ከዚያ ማን እንዳመጣው ይታያል። ደላላው ያመጣው ጠበቃ የደላላው ጠበቃ ነው፤ ለሻጭም ለገዢም አንድ ሆኖ «ወጪ ላስቀንስላችሁ» የሚለውም የማንም አይደለም። የክስ ጠበቃና የቤት ጠበቃም ይለያያሉ። ችሎት ላይ የሚያስገመግም ድምፅ ያለው ሁሉ ክፍለ ከተማ ሄዶ ማኅደር ለማገላበጥ ትዕግሥት የለውም። ስትገናኙ ስንት ክርክር አሸነፍክ ብላችሁ አትጠይቁት፤ ስንት ደንበኛ ቤት እንዳይገዛ መከርክ በሉት። ምሳሌ ከሌለው ሌላ ፈልጉ። ክፍያው ከቤቱ ዋጋ በመቶኛ እንዳይሆን አድርጉ፤ ያለዚያ ሁለተኛ ደላላ ቀጠራችሁ ማለት ነው። ቁርጥ ዋጋ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ምን ምን እንደሚያጣራም ይዘርዝር።

ክፍያውን ለሁለት ክፈሉት፦ አንዱን ሲጀምር፣ ሌላውን ምርመራው «አትግዙ» ብሎ ሲያልቅ ወይም ካርታው በስማችሁ ወጥቶ እጃችሁ ሲገባ። ውሉ ውልና ማስረጃ በተፈረመ ቀን ሁሉም እንኳን ደስ ያላችሁ ይላችኋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 ግን ባለቤት የሚላችሁ ስማችሁ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው።